የፈረሰውን የሰፈር ሱቅ ፎቶ ከሰው አልበም ውስጥ ማግኘት

የሰፈር ሱቅን ለብቻው ፎቶ ያነሳ ሰው ብርቅ ነው። ፊልም ገንዘብ ነበር፤ ተገዝቶ የሚጫነው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት እንጂ ስኳርና ላምባ ለሚሸጥበት ቤት አልነበረም። ስለዚህ አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ኮተቤ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የነበረ የቤተሰብ ሱቅ የሚገኘው ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲያነሳ ከኋላ በገባበት ፎቶ ላይ ነው። ፍለጋው በሦስት ጥያቄዎች ይመራል፦ በሱቁ ፊት ምን ያልፍ ነበር? በረንዳው ላይ ማን ይቆም ነበር? ያንን ቀን ማን አነሳው?

መጀመሪያ አንድ ገጽ ጻፉ

ሰው ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሱቁን በወረቀት አስፍሩት። የተከፈተበትና የተዘጋበት ዓመት፣ በሩ በየጊዜው የተቀባው ቀለም፣ በረንዳው ሲሚንቶ ይሁን አፈር፣ ታፔላው ላይ የነበረው ጽሑፍ፣ በግራ፣ በቀኝና በማዶ የነበሩት ቤቶች ይጻፉ። ዓመቱን የሚያስታውስ ከጠፋ በታወቀ ነገር አስጠጉት። ከአብዮቱ በፊት ነው? የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሲከፈት ነበር? የቀለበት መንገዱ ሲሠራ አልፈረሰም?

ስሙን በሁለት መንገድ ያዙ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ሰፈሩ ላያውቀው ይችላል። ሰው የሚያስታውሰው «አረብ ቤት»፣ «አረንጓዴው በር»፣ «የወፍጮ ቤቱ ጎን» የሚለውን ነው። ጎረቤት ስትጠይቁ በዚህ፣ መሥሪያ ቤት ስትጠይቁ በፈቃዱ ስም ይሁን።

አድራሻው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። በዳርቻ ሰፈሮች አንድ በር በሃምሳ ዓመት ውስጥ አራትና አምስት አድራሻ ሊፈራረቅበት ይችላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ቀበሌና ከፍተኛ መጡ። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ተቋቋመ፤ ኋላ ቀበሌዎቹ ተጠቃለው ወረዳ ሆኑ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ወጣ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታና ገላን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለሉ። የዛሬውን አድራሻ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ መዝገብ ቤቱ «እኛ ጋ የለም» ይላችኋል፤ አልዋሸም፣ ፋይሉ በድሮው ቁጥር ነው የተቀመጠው።

የድሮውን ቁጥር የምታገኙት ከኪራይ ደረሰኝ፣ ከግብር ካርኒ፣ ከንግድ ፈቃድና ከመብራት ቢል ነው። ሱቁ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሶ ቤተሰቡ በተከራይነት ከቀጠለ፣ በአዋጁ ጊዜ ወርኃዊ ኪራዩ ስንት እንደነበር አጣሩ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ነው የተሰጡት። ፋይሉ የሚፈለግበት ቦታ በዚህ ይለያል። ቤቱ ለልማት የፈረሰ ከሆነም የካሣ ፋይሉን ጠይቁ፤ የንብረት ቆጠራው የበሩን፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ዓይነት ስለሚዘረዝር ፎቶ ባይገኝበት እንኳ በኋላ ለማመሳከር ይጠቅማል።

በመጨረሻ ከሱቁ ግራና ቀኝ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር የሚያሳይ ንድፍ ሣሉ። ከቦታው በቀላሉ የማይንቀሳቀሰውን ነገር አጉሉት፦ ቦኖ ውሃ፣ ወፍጮ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን በር፣ ድልድይ፣ ትልቅ ዋርካ፣ የመንገዱ ኩርባ። ሰሜንን ምልክት አድርጉ። ይህ ንድፍ ከሌለ ፎቶው እጃችሁ ገብቶም አታውቁትም።

በበሩ ፊት ምን አለፈ?

ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ሱቁ የነበረበትን መንገድ ይዛችሁ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ተከተሉ።

ጥምቀት ከሁሉም ይቀድማል። ታቦቱ ጥር 10 ሲወርድና ጥር 11 ሲመለስ በየትኛው መንገድ ያልፍ ነበር? የሚካኤል ታቦት ካለ ጥር 12 ሌላ ዕድል ነው። አንሺው ታቦቱን ፊት ለፊት ለማግኘት ወደ መንገዱ ዳር ይወጣል፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ የሚገቡት እርሱ ከቆመበት ማዶ ያሉት ሱቆች ናቸው። ሰልፉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ካሜራውን ወደ ታቦቱ ስለሚያዞር ሱቅ አይገኝም። አስፋልቱ ላይ፣ ምንጣፉ ሲነጠፍ የተነሳውን ፈልጉ። የደብሩን ዓመታዊ ንግሥም እንዲሁ።

ሠርግ ሁለተኛው ነው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያ የሠርግ ወር ስለሆነ ከወሩ ጀምራችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ባሉ ሰፈሮች አበባ የለበሱት መኪኖች የሚቆሙት መንገዱ ሰፋ በሚልበት ቦታ ነው፤ ሱቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው እዚያው ነው። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ የተነሳው ፎቶ ከአዳራሹ ሃምሳ ፎቶ ይበልጣል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ ሾፌሮች። የጭነት መኪና፣ የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ሾፌር ከመኪናው ጋር ፎቶ መነሳት ይወዳል። መኪናው ደግሞ የሚቆመው ሲጋራና ሻይ ባለበት፣ በሱቁ ደጅ ነው። በሰፈሩ መኪና የነበራቸውን ሰዎች ስም ዘርዝሩ፤ ዝርዝሩ አጭር ስለሚሆን በአንድ ሳምንት ትጨርሱታላችሁ።

አቃቂና ቃሊቲ ከሆናችሁ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጨምሩ። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን በደርግ ዘመን በሰልፍ ይከበር ስለነበር የማኅበሩ ባነር ከፊት፣ የመንገዱ ሱቆች ከኋላ ሆነው የተነሱ ፎቶዎች በጡረተኞች ቤት ይኖራሉ። አቃቂ በጅቡቲው ባቡር መስመር ላይ በመሆኗ ጣቢያውን ያነሱ መንገደኞችና የባቡር ወዳጅ የውጭ ሰዎችም ነበሩ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ያስተማሩ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አባላት ደግሞ ብዙ ጊዜ በከለር ስላይድ ያነሱ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመት ይዞ የቀድሞ መምህራኑን ማኅበር መጠየቅ ያዋጣል። እነዚህ ሰዎች ለእኛ ተራ የነበረውን መንገድ፣ ገበያና ሱቅ ራሱን ዓላማ አድርገው ያነሱ ነበርና።

ወደ ውጭ የሄዱ ዘመዶችም አይዘለሉ። የሽኝት ዕለት ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን የተነሳው ፎቶ፣ እንዲሁም «ሰፈሩ ናፍቆኛል» ለሚል ልጅ በፖስታ የተላከው የበረንዳ ፎቶ እነሱ ጋ ነው ያለው። እዚህ ያለው ቅጂ በክረምት ጣሪያ አፍስሶበት ሲበላሽ እዚያ ያለው ደህና ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቤት ለቤት ስትጠይቁ

«የሱቃችን ፎቶ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። መልሱ ሁልጊዜ «የለንም» ነው፤ ያላቸው የራሳቸው ሠርግ ፎቶ እንጂ የእናንተ ሱቅ ፎቶ አይደለማ። ይልቅ «እማማ፣ የልጅዎ ሠርግ ዕለት መኪኖቹ የት ነበር የቆሙት?» ወይም «ጋሼ፣ ከዚያች ፊያትዎ ጋር የተነሱት ፎቶ ይኖር ይሆን?» በሉ። አልበሙ ይወጣል። ቡናው እስኪፈላ የፎቶዎቹን ፊት ትታችሁ ጀርባቸውን ተመልከቱ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ንድፉ፣ ማጉያ መነጽር፣ አንድ ሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ ስልክ ከፓወር ባንክ ጋር፣ ለስላሳ እርሳስና ደብተር። አልበም ተበድራችሁ አትውጡ። እዚያው አንሱት፤ የተበደሩት አልበም ሲጠፋ የሚጠፋው ፎቶው ብቻ አይደለም፣ የሚቀጥለው ጎረቤትም በሩን ይዘጋል።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶ አያሳስታችሁ። ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚወጣው ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ሲታጠብ ከረጅሙ ጎን ስድስተኛው ያህል ይቆረጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ሱቁ ያለበት ነው። ስለዚህ ትልቁን ካያችሁ በኋላ «ትንሿ የታለች? ኔጋቲቩስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶው የታጠበበት ፊልም፣ ብዙ ጊዜ ከፎቶ ቤቱ የወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ ከአልበሙ የኋላ ሽፋን ወይም ከመሳቢያ ሥር ይገኛል።

ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ከነቁጥሩ አንሱት። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር የትእዛዝ ወይም የኔጋቲቭ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ወራሾቹን ፈልጉ፤ «የድሮ ፎቶ» ሳይሆን ዓመትና ቁጥር ይዛችሁ ስትጠይቁ ሳጥኑን ለመክፈት ፈቃደኛ ይሆናሉ። የደበዘዘ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ካለ ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ ቀለሙ ቢጠፋም የብዕሩ ጫና የተወው ቦይ ጥላ ይጥላል።

ማንሳትና ስካን ማድረግ

በስልክ ከሆነ ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አኑሩት። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከፎቶው ጋር ትይዩ ያዙ፤ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ማንሳት የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ስልኩን ሳይሆን ፎቶውን ሩብ ዙር አዙሩት። መስታወት ውስጥ ያለ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ በፍጹም አትላጡት፤ የምስሉ ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀራል። ጥቁሩን ጨርቅ ከጀርባችሁ አስዘርግታችሁ በመስታወቱ ላይ አንሱት።

ሱቁ የታየበትን ፎቶ ብቻ ስካነር ላይ አስቀምጡ። የስካኑ ልክ (ዲፒአይ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነሳው ነጥብ ብዛት) የሚወሰነው በፎቶው ሳይሆን በታፔላው ነው። ታፔላው በወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ300 ዲፒአይ 118 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ፊደል አይነበብም። በ1200 ደግሞ 472 ይሆናል። ለመደበኛው 9 በ13 ፎቶ 600 ይበቃል፤ ታፔላ ላለበት 1200 አድርጉ። ከዚያ በላይ ከወረቀት የሚወጣ አዲስ ነገር የለም፣ ፋይሉ ብቻ ይከብዳል። ኔጋቲቭ ከሆነ 3200። ዋናውን በቲፍ፣ ለሰው የሚላከውን በጄፔግ አስቀምጡ።

የኔጋቲቭ ስካነር ከሌለ የስልክ ወይም የታብሌት ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ ኔጋቲቩን ከላዩ አድርጉ፤ ግን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ከተኛ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይነሳሉ። በመሃል ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ወይም ስስ ወረቀት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አስገቡ።

የሠርግ ቪዲዮ ከተገኘ ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት መስኮቷን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ነጭ ሻጋታ ካለበት ማጫወቻው ውስጥ አታስገቡት፤ ቴፑንም ማጫወቻውንም ያበላሻል። ደህና ከሆነ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። እዚህ የተቀረጸ ካሴት በፓል ሥርዓት ስለሆነ አሜሪካ ያለ ዘመድ በራሱ ማጫወቻ ብቻ ሊያየው አይችልም፤ ፓል የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ቪኤችኤስ ጥራቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከታፔላው ፊደል አትጠብቁ። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ካሜራው ከመኪናው ወደ በሩ ሲዞር ሱቁን ከነጎረቤቶቹ በተከታታይ ያሳያል፣ ንድፋችሁን የምታርሙት በእርሱ ነው።

ፎቶ በሚያጠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አትታለሉ። የደበዘዘ ታፔላ ስትሰጡት የግዕዝ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ይፈጥራል፤ ጥቁርና ነጩን ሲቀባም የበሩን ቀለም የሚያመጣው ከራሱ ነው። ለግድግዳ ይሁን፣ ለማስረጃ ግን አይሆንም።

የእናንተው ሱቅ መሆኑን ማረጋገጥ

የላሜራ በርና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ ሁሉ ይመሳሰላል። ቢያንስ ሦስት ነገር ከንድፉ ጋር ካልገጠመ «ነው» አትበሉ። ከሁሉ የሚታመነው ተራራው ነው። ከአቃቂ ሆናችሁ ዝቋላ በደቡብ፣ የረር በምሥራቅ፣ ፉሪ በምዕራብ፣ እንጦጦ በሰሜን ናቸው። በጣሪያዎቹ ላይ የሚታየውን የተራራ መስመር ዛሬ ከቦታው ቆማችሁ ብታነጻጽሩ አንሺው ወዴት ዞሮ እንደነበር ይታወቃል። ፎቅ ከጋረደው ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ወጥታችሁ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ጥላ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ገደማ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። የጥምቀት ፎቶ ተብሎ የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ከሆነ ወይ ቀኑ ወይ አቅጣጫው ተሳስቷል።

ወይም ኔጋቲቩ ተገልብጧል። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ኔጋቲቭ በተቃራኒ ጎኑ ሲነሳ ግራና ቀኝ ይቀያየራሉ፤ በግራ የነበረው ወፍጮ ቤት በቀኝ ይመጣና «የኛ አይደለም» ተብሎ ይጣላል። የትኛውንም ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ ወይም የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ አይታችሁ አረጋግጡ፤ ቁልፉ የሚሰፋው በለባሹ በቀኝ በኩል ነው።

ዓመቱን መገመት

ታፔላው ላይ ስልክ ቁጥር ካለ ዕድለኞች ናችሁ። በአዲስ አበባ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ከመስከረም 1998 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ነው፤ በ011 የሚጀምረው ባለ 10 አሃዝ ከዚያ በኋላ። ዳርቻ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ታፔላ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ባንዲራው ላይ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ኮከብ ካለ ከ1988 ዓ.ም. አይቀድምም። በሩ ላይ የቀበሌ ቁጥር ካለ ከ1967 በኋላ ነው። ልብስ ግን አያስተማምንም፤ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ከእህት ወደ እህት ሲወርድ አሥር ዓመት ይቆያል።

ቀኑ የተጻፈ ከሆነ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ጥግ ላይ በብርቱካናማ አሃዝ የታተመው የካሜራው ነው፤ በፈረንጅ ነው። 94 ካለ ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ በእነሱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ገደማ ላለው 8 ቀንሱ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው 7። ከጀርባ በእጅ የተጻፈ 86 ግን የእኛው ዓመት ነው፤ ሁለቱ አንድ ፎቶ ላይ ተገናኝተው ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። ባትሪው ወልቆ የተመለሰ ካሜራ ደግሞ ቀኑን ከመነሻው ስለሚጀምር ሁሉም ፎቶ ላይ ያው አንድ ቀን ከታየ አትመኑት። ወረቀቱም የሚነግራችሁ የታጠበበትን ጊዜ ነው፤ የድሮ ኔጋቲቭ በአዲስ ወረቀት ሊታጠብ ይችላል።

መዝገብ ቤት በመጨረሻ

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል፤ ስለዚህም ቶሎ ይሰለቻል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት)፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አዲስ ዘመንን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ፎቶ የሚያስቀምጡት በሱቅ ስም አይደለም፣ በክስተት ነው። ጎርፍ፣ የመንገድ ምረቃ፣ የፋብሪካ መክፈቻ በሱቁ አካባቢ ካለ ወሩንና ዓመቱን ለይታችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ጋዜጣው ላይ ያለው ምስል በነጥብ የታተመ ስለሆነ ቢጎላ ነጥቡ እንጂ ሱቁ አይጎላም፤ ዋናው ኔጋቲቭ ወይም የታጠበው ፎቶ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የአየር ፎቶዎች ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ናቸው። በ1፡50,000 መጠን 5 ሜትር ስፋት ያለው ሱቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛው ብቻ ነው፤ የምታዩት መንገዱንና የጣሪያ ነጥብ ነው። ቦታው እንዴት እንደነበረ ለማወቅ እንጂ ሱቁን ለማየት አትክፈሉበት። በቅርብ ዓመታት ለፈረሰ ሱቅ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ የሚጫነው ጉግል ኧርዝ ፕሮ የሰዓት ምልክቱ ሲነካ የቀድሞ የሳተላይት ምስሎችን ያሳያል፤ ጣሪያው የነበረበትንና የጠፋበትን ዓመት ከሁለት ምስሎች መካከል ማጥበብ ትችላላችሁ።

ስታስቀምጡና ስታጋሩ

የፋይሉን ስም በዓመት ጀምሩ፦ «1978_አቃቂ_ጥምቀት_ከማን እንደተገኘ»። ዓመቱ ግምት ከሆነ «ገደማ» ጨምሩ። ዋናው ፎቶ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ከጀርባ፣ ከጠርዙ፣ በለስላሳ እርሳስ ብቻ፤ እስክሪብቶ ውሎ አድሮ ወደ ፊት ይወጣል።

ለሰፈሩ ሰዎች በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ታፔላው ይደበዝዛል። ሱቁን በቀይ አክብቡት፤ አለዚያ ሁሉም ስለ ሙሽሪት ያወራል። በይፋ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን የአልበሙን ባለቤት ብቻ ሳይሆን በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች አስፈቅዱ፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ያልፈቀደ ካለ ሱቁ ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ ሙሉውን ለቤተሰቡ አኑሩ።